የወፍ ቀለበት ታሪክ፤ ከሄልጎላንድ ደሴት እስከ ዋግ ደጋ

በዋግ አገር በመጋቢትና በሚያዝያ ወር ማለዳ ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በጋውን ሙሉ በከብቱ እግር ሥር ስትሮጥ የከረመችው ሆደ ቢጫ ትንሽ ወፍ፣ በድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣ ጅራቷን ስታወዛውዝ የነበረችው ወፍ፣ ከእርሻው በላይ በአየር ላይ ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ የነበረችው ጭልፊት፣ አንድ ሰሞን ከወትሮው በዝተው ይታያሉ፤ በሚቀጥለው ሰሞን ይታጣሉ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ደግሞ እንደ ገና እየመጡ ከቦታቸው ይገኛሉ። ይህን ነገር አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲያዩት ኖረዋል። «ወዴት ሄዱ?» ለሚል ልጅም «ወደ አገራቸው» ብሎ መመለስ ይቻላል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ያ አገር የት እንደ ሆነ፣ በየት በኩልም እንደሚኬድበት በማስረጃ ለማወቅ የሰው ልጅ ከ2000 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

እኛ ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ ለማዘጋጀት በተነሣን ጊዜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ብዙ የተጻፈ መሆኑን አስበን ስለ አንዲት ትንሽ የብረት ቀለበት ለመጻፍ መረጥን። ይህች ቀለበት በወፍ እግር ላይ የምትታሰር ስትሆን፣ ለትንንሾቹ ወፎች የምትሠራው ከአንድ ግራም አንድ ዐሥረኛ እንኳ አትመዝንም። የወፎቹን መንገድ ምስጢር የገለጠች እርሷ ናት። ምስጢሩን የፈቱትም በቤተ መዘክር የተቀመጡ ሊቃውንት ብቻ አይደሉም፤ አንድ ሠዓሊ፣ አንድ የትምህርት ቤት መምህርና አንድ ገበሬ ጭምር ናቸው። የኢትዮጵያ ደጋ በወፎቹ መንገድ መካከል ሳለ በዚህ መዝገብ ውስጥ ድምፁ እምብዛም የማይሰማበት ምክንያት ከዚሁ ጋራ የተያያዘ መስሎ ታይቶናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ወራቱን ግን በአገራችን ስም እንጠራቸዋለን።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ አንድ ቃል እንበል። ዛሬ ብዙ ሰው የመስከረሙን የአበባ ጊዜ ጸደይ ይለዋል። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ግን የመስከረሙ መፀው ይባላል፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው። ኤውሮፓውያንም ጸደይ የሚሉት ወቅት በዚያው ሰሞን ላይ ይውላል። ወፎቹ ከእኛ አገር ተነሥተው ወደ ሰሜን የሚጓዙት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ጸደይ ስንል የድሮውን፣ የባሕረ ሐሳቡን ጸደይ ማለታችን ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ብዙ እንስሳትን በጥንቃቄ የመረመረ ሰው ነበር። ሆኖም ጨረባን፣ ያችን ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለውን ወፍ፣ በብርድ ወራት ላባዋን አራግፋ በጉድጓድ ውስጥ ትተኛለች ብሎ ጽፏል። አንዳንዱም ወፍ ወቅት ሲለወጥ ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ ይለወጣል ብሎ ያምን ነበር። ከርሱ በኋላ ስዊድናዊው ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስ በ1555 ባሳተመው መጽሐፍ ዓሣ አጥማጆች ከበረዶ ሥር ጨረባዎችን በመረብ ሲያወጡ የሚያሳይ ሥዕል አስገባ። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ወፎች ወደ ጨረቃ ይሄዳሉ ብሎ ጻፈ። ይህን ስናነብ ስቀናል፤ ነገር ግን ለሞርተን እንመሰክርለታለን። እርሱ ቢያንስ ወፎቹ ሩቅ መንገደኞች መሆናቸውን ተረድቷል፤ የሳተው መድረሻቸውን ብቻ ነው።

ከነዚህ ሰዎች ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረቡት በወፎቹ መንገድ ላይ የሚኖሩት ሕዝቦች ናቸው። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ የመምጫዋን ጊዜ የምታውቅ መሆኗን ሰዎችን ለመገሠጽ ምሳሌ አድርጎ አንሥቷል። በኦሪት ዘጸአት የእስራኤልን ሰፈር ስለ ሸፈኑት ድርጭቶች የተጻፈውን የማያውቅ የለም። ድርጭት በጸደይ ከአፍሪቃ ተነሥታ በሲና ምድር በኩል ወደ ሰሜን የምታልፍ ወፍ ናት። ረዥም በረራ ካደከማት በኋላ ዝቅ ብላ መሬት ላይ ስለምትወድቅ በእጅ እስከ መያዝ ትደርሳለች።

በኤውሮፓ ግን ጥርጣሬውን የሰበረ ነገር የተገኘው በ1822 ጸደይ ነው። በሰሜን ጀርመን በመክለንቡርግ አውራጃ፣ ክሉትስ በምትባል መንደር አጠገብ፣ አንዲት ነጭ ሽመላ ተገደለች። አንገቷን ሰንጥቆ የገባ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጦር ዘንግ ይዛ ነበር። ዘንጉ ሲመረመር የአፍሪቃ እንጨት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ይህች ሽመላ በአፍሪቃ ምድር ተወግታ፣ ጦሩን እንደ ተሸከመች በረሃና ባሕር ተሻግራ ጎጆዋ አገር ገብታለች ማለት ነው። ዛሬም ድረስ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ከነጦሯ ተቀምጣ ትታያለች። የመጀመሪያው «ምልክት ያለው ወፍ» ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይመስለንም፤ ምልክቱ ግን ምንኛ ጨካኝ ነበር!

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ይወስደናል። ሄልጎላንድ በሰሜን ባሕር ውስጥ ከጀርመን ጠረፍ ራቅ ብላ የምትገኝ፣ ገደሏ ቀይ የሆነ ደሴት ናት። አጠገቧ ካለችው አሸዋማ ደሴት ጋራ እንኳ ስፋቷ 1.7 ኪሎ ሜትር ካሬ ብቻ ነው። በ1837 ሃይንሪሽ ጌትከ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሠዓሊ ባሕርን ለመሣል ወደዚያች ደሴት ሄደ፤ በዚያው ቀረና 60 ዓመት ያህል ኖረባት። ደሴቲቱን በዚያን ጊዜ የምትገዛት እንግሊዝ ስለ ነበረች በመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ሠራ። ልቡን የወሰዱት ግን ወፎቹ ናቸው። በጸደይና በመፀው ሌሊት በባሕሩ ላይ የሚያልፉት ወፎች ጭጋግ ወይም ነፋስ ሲይዛቸው፣ ወይም የመርከብ መሪውን ፋኖስ ብርሃን ሲያዩ፣ በዚያች ቁራጭ መሬት ላይ እንደ ዝናም ይወርዳሉ። ዛፍ የሚባል ነገር በማይበዛባት ደሴት ላይ መደበቂያ ስለሌለ እያንዳንዱን ማየት ይቻላል። በትልቅ አገር ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወፍ በየጫካው ተበትኖ አይታይም ነበር። የትንሽ ደሴት ጥቅም ይህ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ በአንድ በር እንዲያልፍ ታደርጋለች።

ጌትከ ያየውን በየቀኑ ከነፋሱና ከአየሩ ጠባይ ጋራ መዘገበ፤ ወደ 400 የሚጠጉ የወፍ ዓይነቶችንም ቆጠረ። መጽሐፉ በ1891 ታተመ። በዚያው ሰሞን ስለ ደሴቲቱ የሆነው ነገር አፍሪቃውያንን የሚመለከት ነው። በ1890 እንግሊዝና ጀርመን ባደረጉት ውል እንግሊዝ ሄልጎላንድን ለጀርመን ሰጠች፤ ጀርመንም በዛንዚባርና በምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ ላይ ያላትን ጥያቄ ተወች። በውሉ ስለ ራሳቸው አገር የተጠየቁ የዛንዚባርም ሆነ የሄልጎላንድ ሰዎች አልነበሩም።

የጌትከ ሥራ ታላቅ ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረበት። ወፉን ሲያልፍ ያያል እንጂ ከየት እንደ ተነሣና የት እንደሚደርስ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ የጎደለውን በግምት ሞላው። ለምሳሌ ጉሮሮዋ ሰማያዊ የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍ ከሰሜን አፍሪቃ ተነሥታ በአንዲት የጸደይ ሌሊት ሄልጎላንድ ትደርሳለች ብሎ አሰበ። ይህች ወፍ በበጋ ወደ እኛም አገር ትመጣለች፤ በውሃ ዳር ባለ ሣርና ቄጠማ ውስጥ ትገኛለች። ዛሬ እንደምናውቀው ግን እንዲህ ያለ ትንሽ ወፍ መንገዱን የሚፈጽመው እየበላና እያረፈ በብዙ ቀን ነው። ይህን ለማረም ዓይን አይበቃም ነበር፤ ወፎቹን አንዱን ከአንዱ ለይቶ የሚያሳውቅ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ያንን ነገር ያስገኘው ሀንስ ክርስቲያን ኮርኔልዩስ ሞርተንሰን ነው። በ1856 የተወለደ ዴንማርካዊ ሲሆን ሥራው በቪቦርግ ከተማ ባለው ትምህርት ቤት ማስተማር ነበር። ሀብታም አልነበረም፤ ቤተ መዘክርም አልነበረውም። በ1890 ስታርሊንግ በተባሉት ወፎች እግር ላይ ከዚንክ የተሠራ ቀለበት አሰረ። ብረቱ ከብዷቸው ስላስቸገራቸው ተወው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አሉሚኒየም የተባለው ቀላል ብረት በተገኘ ጊዜ፣ በ1899 እንደ ገና ጀመረ። በዚያ ዓመት 165 ስታርሊንጎችን ይዞ ቀለበት አሰረላቸውና ለቀቃቸው። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ የተቀረጹት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የወፉ ቁጥርና «ቪቦርግ» የሚለው የከተማው ስም።

የሞርተንሰን ብልሃት ብረቱ አይደለም። በወፍ እግር ላይ ምልክት ያሰሩ ሰዎች ከርሱ በፊትም ነበሩ። የርሱ ብልሃት እያንዳንዱ ወፍ የራሱ ቁጥር እንዲኖረውና ያ ቁጥር በደብተር እንዲመዘገብ፣ ቀለበቱንም ያገኘ ማንም ሰው ለማን እንደሚጽፍ እንዲያውቅ ማድረጉ ነው። ይህ አሳብ ወፉን ደብዳቤ አደረገው፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ ደግሞ መልስ ጸሐፊ አደረገው። ኋላም በፋኖ ደሴት ወጥመድ ውስጥ በሚገቡ የዱር ዳክዬዎች ላይ ቀለበት አሰረና ከብዙ የኤውሮፓ አገሮች መልስ መጣለት። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ የትምህርት ቤት መምህር ደብተር መነሣቱ እኛን ተማሪዎችን ደስ ቢያሰኘን አንባቢ አይፈረድብንም።

ሥራው ቶሎ ተስፋፋ። ዮሐንስ ቲኔማን በ1901 በባልቲክ ባሕር ዳር በሮሲተን የወፍ ጥናት ጣቢያ አቋቁሞ በ1903 ቀለበት ማሰር ጀመረ፤ በተለይም ሽመላዎችን ብዙ አሰረ። በሄልጎላንድም ሁጎ ቫይጎልት በ1909 ሥራውን ጀምሮ በ1910 ጣቢያ ተቋቋመ። ዛፍ በሌለባት ደሴት ላይ ቁጥቋጦ ተክሎ፣ ውሃ አጠራቅሞ፣ በላዩ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየጠበበ የሚሄድ የሽቦ መረብ ዘረጋ። ደክሞት የወረደ ወፍ ቁጥቋጦውን አይቶ ይገባል፤ ከጠባቡ ጫፍ ካለው ሣጥን ሲደርስ ይያዛል፤ ይመዘናል፣ ክንፉ ይለካል፣ ቀለበት ይታሰርለትና ይለቀቃል። እንዲህ ያለው ወጥመድ በሌላም አገር በደሴቲቱ ስም «የሄልጎላንድ ወጥመድ» ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች በሚያዝያ 1947 በደሴቲቱ የነበረውን ምሽግ 6700 ቶን በሚያህል ፈንጂ አፈረሱት። ደሴቲቱ በ1952 ለጀርመን ተመለሰች፤ የወፍ ጣቢያውም በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ተከፈተ።

በእንግሊዝ አገር በ1909 ይህን ሥራ የጀመረው ሃሪ ዊዘርቢ የተባለ መጽሐፍ አሳታሚ ነው። በቀለበቶቹ ላይ የተቀረጸው አድራሻ የለንደን ቢሮው ነበር። በሚያዝያ ወር መጨረሻ 1911 በስታፎርድሺር አውራጃ በአንድ ቤት በረንዳ ላይ ጎጆ የሠራች ጨረባ ቀለበት ታሰረላት። በታኅሣሥ ወር 1912 ይህችው ጨረባ በደቡብ አፍሪቃ በናታል፣ ዩትሬክት በተባለች ከተማ አጠገብ፣ በአንድ ገበሬ ቤት ውስጥ ተያዘች። ገበሬው ቀለበቱን አየ፤ ስለ ነገሩም ከዩትሬክት ወደ ለንደን ደብዳቤ ተጻፈ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አርስጣጣሊስን ያሳተው፣ ኦላውስ ማግኑስን ከበረዶ ሥር ያስፈለገው ጥያቄ በዚያ ደብዳቤ ተመለሰ። የእንግሊዝ አገር ጨረባ የብርዱን ወራት የምታሳልፈው በጉድጓድ አይደለም፣ በውሃ ውስጥም አይደለም፤ በአፍሪቃ ደቡብ ጫፍ አጠገብ ነው። ገበሬው ቀለበቷን ለልጁ መጫወቻ ቢሰጣት ወይም ከአፈሩ ላይ ቢጥላት ኖሮ ያ ሁሉ መንገድ ባልታወቀም ነበር። ቀለበት ካሰሩት ትንንሽ ወፎች መካከል ወሬያቸው የሚሰማው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ደብዳቤ የብዙ መቶ ወፎችን ድካም ትሸከማለች።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዓይነቶች የታወቁ ሲሆን ከነዚህም 200 የሚያህሉት ከኤውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ንስሮች፣ ጥንብ አንሣዎችና ሽመላዎች ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ ስለሚጓዙ ሰፊ ባሕር መሻገር አይወዱም። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር በኩል ይተላለፋሉ። በዚህ መንገድ በየዓመቱ 37 ዓይነት ትልልቅ ወፎች፣ በቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ፣ እንደሚያልፉ ይገመታል። ዋግ ከዚህ ታላቅ ጎዳና በስተምዕራብ በኩል ተጠግታ ያለች አገር ናት።

የእኛን ወፎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ለኤውሮፓ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ከ1831 እስከ 1833 ድረስ እስከ ሰሜንና እስከ ጎንደር ተጉዟል። ለዋግ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ1868 ዘመቻ ነው። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ነበር። ጦሩ በመጋቢት ወር በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፎ በዋግና በላስታ ምሥራቃዊ ጠርዝ ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ሄደ። በዚያ ጊዜ ዋግና ላስታን የያዙት ዋግ ሹም ጎበዜ ሲሆኑ በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ስለዚያ ዓመት ታሪክ ስንማር የምናስበው መድፉንና ዝሆኖቹን ነው። ነገር ግን ወሩ የወፎች መተላለፊያ ወር ነበርና፣ ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ሲጓዝ ከራሱ በላይ ሌላ ሠራዊት ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር ማለት እንችላለን። ብላንፎርድ የአገሩን ዐለትና እንስሳት የሚገልጽ መጽሐፉን በ1870 አሳተመ።

የዚያ ዘመን አጥኚዎች ወፍን የሚያውቁት ገድለው ነበር። የሞተ ወፍ ዓይነቱን ይናገራል እንጂ መንገዱን አይናገርም። በኢትዮጵያ ወፍን ሳይገድሉ ምልክት አድርጎ መከታተል የተስፋፋው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ዶክተር ጆን አሽ የተባሉ እንግሊዛዊ ከ1969 እስከ 1977 በኢትዮጵያ ሲኖሩ፣ ወፎች የሚያመላልሱትን በሽታ ከሚመረምር በአዲስ አበባ ከነበረ የአሜሪካ ባሕር ኀይል የሕክምና ምርምር ክፍል ጋራ ይሠሩ ነበር። ቀጭን መረብ እየዘረጉ በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኛ ወፎችን ይዘው ቀለበት አሰሩላቸው። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ኤሚል ኧርባን ከባልደረቦቻቸው ጋራ በሻላ ሐይቅ ላይ ሠሩ።

የሻላው ነገር ስለ ደሴት የጀመርነውን አሳብ ይፈጽምልናል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ሲሆን በውስጡ ካሉት ትንንሽ ደሴቶች በአንዷ ላይ ነጭ ፔሊካኖች ይራቡ ነበር። ጅብና ቀበሮ ስለማይደርስባቸው ደሴቲቱ ለጫጩቶቹ ምሽግ ናት። ሻላ ግን ጨዋማ ስለ ሆነ ለነርሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ወላጆቹ በየቀኑ ሞቃቱን አየር እየተጠባበቁ ከፍ ብለው ወደ አብያታ ሐይቅ በመብረር ዓሣ ይዘው ይመለሱ ነበር። ተመራማሪዎቹ በወጣት ፔሊካኖች ላይ ምልክት አድርገው ከደሴቲቱ ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ ተከታትለው በ1977 ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የአብያታ ውሃ በእጅጉ ቀነሰ፤ ጨውነቱም ስለ በረታ ዓሣው ጠፋ። ደሴቲቱ ዛሬም አለች፤ ምግቡ ከሌለ ግን ምሽግ ብቻውን ጫጩት አያሳድግም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከቀለበት ሌላ ከሳተላይት ጋራ የሚነጋገር ትንሽ ማሠራጫ በወፍ ጀርባ ላይ ይታሰራል። ባለ ረዥም እግሩ ግራጫ ክሬን ከፊንላንድና ከሩስያ ተነሥቶ በኢትዮጵያ እንደሚከርም በዚህ ተረጋግጧል፤ በጣና ዙሪያም በብዙ ሺህ ተቆጥሯል። ከቡልጋርያና ከአካባቢዋ የሚመጡት ነጫጭ ጥንብ አንሣዎች ደግሞ ከዋግ በስተምሥራቅ ባለው በአፋር ምድር በኤሌክትሪክ ምሶሶዎች ላይ ሲያድሩ ከ1000 በላይ ተቆጥረዋል። ማሠራጫው ሞታቸውንም ይናገራል። በፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር እነዚህኑ ወፎች ለብዙ ዓመት ሲገድል መኖሩ ከታወቀ በኋላ በ2014 አገልግሎቱ ቆሞ በሌላ ተተካ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን የራሰ መላጣው ኢቢስ ታሪክ ነው። ይህ ወፍ ጥቁር ላባና ቆልማማ ረዥም ምንቃር ያለው ሲሆን በመካከለኛው ምሥራቅ ጠፍቷል ሲባል በ2002 በሶርያ በፓልሚራ አጠገብ ሰባት ተገኙ። በ2006 በሦስቱ ላይ ማሠራጫ ታሰረ። ወፎቹ በዓረብ አገርና በየመን በኩል አልፈው መጡና ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው ደጋ ላይ ዐረፉ። ከ1977 ወዲህ ይህን ወፍ በኢትዮጵያ አየሁ ያለ አልተሰማም ነበር። አጥኚዎች በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሄደው ሲያዩ ወፎቹ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ሰው አጠገብ ያለ ፍርሃት ይለቅሙ ነበር። ዓለም የጠፋ መስሎት ሲያዝንለት የኖረውን ወፍ የዚያ ደጋ እረኞች በየዓመቱ ያዩት ነበር ማለት ነው። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እነርሱም ለማን እንደሚነግሩ አያውቁም። ዘኖብያ የተባለችው ሴት ወፍ በ2014 ብቻዋን ወደ ፓልሚራ ተመለሰች። የሶርያው ጦርነት በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

ይህ ነገር ዋግን እንዴት ይነካታል? አገራችን ባሕር የላትም፤ ሄልጎላንድን የሚመስል ደሴትም የላትም። ነገር ግን ለደከመ ወፍ ደሴት ማለት በማይመች ስፍራ መካከል ያለ የሚመች ቁራጭ መሬት ነው። በተራቆተው ኮረብታና በደረቀው እርሻ መካከል የቆሙት የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን እንዲህ ያሉ ናቸው። አባቶች ዛፉን ያስከበሩት ስለ ቦታው ቅድስና ቢሆንም፣ ሌሊቱን ሲበር ያደረ ትንሽ ወፍ ጎሕ ሲቀድ ከላይ ሲመለከት የሚታየው አረንጓዴ ነገር እርሱ ነው። ቫይጎልት በሄልጎላንድ ላይ በስንት ድካም የተከለውን ቁጥቋጦ እኛ ከአያቶቻችን ወርሰነዋል። በ2009 ተመርቆ ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብም በምዕራብ በኩል ባሉት ወረዳዎቻችን ጠርዝ ቀድሞ ያልነበረ ሰፊ ውሃ አምጥቷል፤ ለዳክዬና ለውሃ ዳር ወፍ ይህ አዲስ ማረፊያ ነው።

ጥቅሙም የወፉ ብቻ አይደለም። በ2020 የበረሃ አንበጣ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ እርሻ ላይ በወረደ ጊዜ የሆነውን ወላጆቻችን አይረሱትም። ሽመላና ጭልፊት አንበጣን የሚለቅሙ ወፎች ናቸው። መንጋውን ብቻቸውን ያጠፋሉ አንልም፤ ለዚህ ቁጥራቸው አይበቃም። ነገር ግን መድኀኒት በተረጨበት መስክ የሞተ አንበጣ የበላ ወፍም ሊመረዝ ስለሚችል፣ መርጨት ግድ በሆነበት ስፍራ ወፎቹ መቼ እንደሚያልፉ ማወቅ ለገበሬውም ለወፉም ይጠቅማል።

ቀለበት ያለው ወፍ የሚያገኝ ሰው ምን ያድርግ? ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱን አይፍታ፤ ያለውን ቁጥርና ፊደል ሁሉ አንድም ሳያስቀር ጽፎ ይልቀቀው። ሞቶ ከተገኘ ቀለበቱን ያስቀምጥ። የተገኘበትን ቀን፣ የቀበሌውንና የቦታውን ስም፣ ወፉ እንዴት እንደ ተገኘ ይጻፍ። በቀለበቱ ላይ ሞስኮ፣ ሄልሲንኪ ወይም ሄልጎላንድ የሚል የከተማ ወይም የጣቢያ ስም ይኖራል፤ ፊደሉ የውጭ ስለ ሆነ ግን ሽማግሌውን ወይም እረኛውን ሊያስቸግር ይችላል። እዚህ ላይ ሥራው የተማሪ ነው። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቤተ መዘክርም እንዲህ ያለውን ወሬ ወደሚመለከተው ለማድረስ የተሻሉ ናቸው።

ቀለበት ለማሰር ፈቃድና ልምምድ ያስፈልጋል፤ መቁጠርና መጻፍ ግን ደብተርና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል። በየዓመቱ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ በሳምንት አንድ ማለዳ፣ በአንድ በተመረጠ ስፍራ፣ ሆደ ቢጫዋ ወፍ በከብቱ መካከል ስንት እንደ ሆነች፣ የመጨረሻዋም የታየችበት ቀን መቼ እንደ ሆነ ይጻፍ። ከዚያም ጋራ የወፎቹ ስም በአማርኛና በኽምጣኛ ከሽማግሌዎች ተጠይቆ ይመዝገብ፤ አንዳንዱ ወፍ በኽምጣኛ የራሱ ስም ኖሮት በአማርኛ የሌለው ሊሆን ይችላልና።